ይታይሽ

ዘንድሮ በእግሬ ነው። ለኦስናት ሳልነግራት
አንድ ጭብጥ ድንጋይ ከመቃብርሽ አናት
ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ቂርያት ጋት ተኝታ፣
የዳቦ ቤቱ መብራት ብቻዋን በርታ።

በየዓመቱ ለስግድ አውቶቡሱ ሲመጣ
መስኮት ይዘሽ ነበር፣ ኩርፊያሽ ሳይወጣ።
«ተቀምጦ ምህለላ! እናቴ ብታየኝ፣
ድንጋይ ተሸክማ ተራራ የወጣችው፣
ምን ትለኝ?» ትያለሽ።
ደሞ ጉልበትሽን እያሸሽ ትስቂያለሽ፦
«ከወገራ ሱዳን ያደረሰኝ ጉልበት
አሽዶድ ላይ አለቀ በሰው ደረጃ እጥበት።
በሚመጣው ዓመት በእግሬ» ስትይ፣ ስትይ፣
ስድስት ዓመት ሄደ። ሰባተኛው ላይ…
ልተወው እሱን፤
ሆስፒታልን የማያውቅ የለም።

የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሌሊት አልፎ
ጭቃው እግሬን ይዞኛል፣ እንደ ሕፃን አኩርፎ።
ቤት ጉቭሪን መታጠፊያ አንዱ መኪና አቁሞ
«ሳባ፣ ግባ» አለኝ።
አያት ማለቱ ነው። ያኔ እንደመጣን
ንግሥቷን መሰለኝ ብዬሽ ስቀሽብኝ።
«አልገባም» ስለው ምክንያቱን ጠየቀኝ፤
ከየት ልጀምርለት፣ ዕብራይስጤ አጠረኝ።
ድንጋዩን አሳየሁት።
አየው፣ አየኝ፣
ሁለት መንደሪን ሰጠኝ።

ኤላ ሸለቆ ላይ ፌርማታ ተጠልዬ
ኦስናት ደወለች፤ «አባባ! አባዬ!
ስልኬ ላይ አየሁህ፣ ሰማያዊ ነጥብ ሆነህ፣
ነጥቡ ቆሟል፣ ምን ሆንክ? የት ነው ያለኸው? ማን አለህ?»
«አረፍኩ እንጂ፣ ልጄ።» ስልኩን ዘጋሁና
ለብቻዬ አሰብኩ፦
ያቺ ነጥብ እኔ ነኝ።
አንቺስ በየትኛው ካርታ ላይ ነው ያለሽው?

ሁለተኛውን ሌሊት ወንድምሽ በላይነህ ጋ፣
ቤት ሼሜሽ። «አብደሃል» አለኝ፣ ካልሲ ሰጠኝ።
በማግስቱ ዳገቱ ላይ ኪሴ ተተረተረ፣
ያው አንቺ የጠቀምሽው፤ ክሩ አረጀ መሰለኝ።
ድንጋይሽ ወድቆ ተንከባለለ፤
ተመልሼ፣ ጎንበስ ብዬ ለቀምኩት።
ከዚያ ወዲያ በእጄ፣
ግራዬ ሲዝል በቀኝ፣ ቀኜ ሲዝል በግራ።
ጥዶቹ መሀል፣ ከተማዋ ገና ሳትታይ፣
መሞቁ ተሰማኝ።
ያን ያህል ነበረ የእጅሽም ሙቀት
በመጨረሻው ሳምንት፣ ከድንጋይ ትንሽ በላይ።

ደረስኩ።
ቄስ አድኖ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣
ወጣቶቹ ጀርባ ሰጥተው ፎቶ ይነሳሉ።
የግንቡን ጫፍ ያዝኩ። ኢየሩሳሌም በሙሉ
ከታቼ ተዘርግታ፣ ቅጥሯም ጉልላቷም፣
የሰው ማድ ቤት ጭስ እንኳ ሳይቀር።
ድምፄን ሳልቀንስ «ይታይሽ!» አልኩ።
ሰዎች ዞሩ፤ ሰው የጠፋኝ መሰላቸው።
አልተሳሳቱም።
አርባ አንድ ዓመት ጠራሁሽ፣
ለውሃ፣ ለቁልፍ፣ ለጠፋብኝ መነጽር፤
ስምሽ ምርቃት እንደሆነ
ለካ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም።
ይታይሽ።
ይኸው ይታይሽ።

ድንጋዩን ግንቡ ላይ አኑሬ ቄሱን ልሳለም ሄድኩ፤
ስመለስ የለም።
አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ የግራ ጫማዋን በቀኝ ያጠለቀች፣
ለጉንዳን ቤት ትሠራለች፤
ያንቺ ድንጋይ መድረኩ ነው።
«የኔ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ፣
«በሩን ሰፋ አድርጊው» አልኳት።

የመልሱ በአውቶቡስ ነው፤ ተቀምጬ፣ ባንቺ በኩል፣
መስኮቱን ይዤ።
ላትሩንን ስናልፍ ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ፣
ከሎሚው ዝቅ ብሎ፣ አንቺን በሚያምሽ ቦታ።
እጄን ላኩና ማሸት ጀመርኩ፣
እንደ ሁልጊዜው፣ ቀስ ብዬ፣
የማን ጉልበት እንደሆነ ሳልለይ።