የግንቡ ጆሮ

አንኮበር ደረስኩኝ ከአዲስ አበባ፣
ብርዱ በጃኬቴ በስፌቱ ሲገባ።
ጋሽ አጥናፍሰገድም ጋቢውን ተጀቡኖ፣
ለሄደች መናገሻ ዘብ የቆመ ሆኖ፤
መኪና ሲያጓራ ብድግ ይላል ገና፣
ያላየው ደጃዝማች የሚያልፍ ይመስለዋልና።

«ምርጫውስ?» ስለው ስለ ዝናብ መለሰ፤
ግንቡ ፈርሶ ሳለ ጆሮው አልፈረሰ!
ሳቅሁበት በሆዴ፤ የከተማ ልጅ ነኝ፣
በግልጥ ተናጋሪ፣ ማንም የማያስፈራኝ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው አለፈ በደጁ፣
ኮፍያው ዓይኑ ላይ፣ ሞባይሉ በእጁ።
ድምፄ ዝቅ አለ፣ ሳላዘው በራሱ፤
«ውርጩስ እንዴት ይዟል? ደርሷል ወይ ገብሱ?»

ሰውየው ሲርቅ ጋሼ ፈገግ አለ፣
«አንተም ደጅ ጠንተሃል» ብሎ
የጋቢውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣለ።