ያልተቆጠረ አየር

በኩታይሲ ዳርቻ፣ ከሪዮኒ ማዶ፣
ጋራዡ ሲከፈት፣ ውርጩ ገና ከብዶ፣
ዶዶ መጣች እየጮኸች።
ልክ አላልሁም፤ እሷስ ዝም እንዳለች፣
ኦፔሏ ነው የጮኸው፣
ቆሞ መቆም ያቃተው።
ማርሹ ፎሌ ገብቷል፣ እግሯ ከነዳጁ ተነሥቷል፣
መርፌው ግን ሁለት ሺህ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

«ጎረቤት ጠላኝ» አለች፤ «ሌሊት በአሥር ሰዓት
ዳቦ ላደርስ ስነሣ፣ የሰፈር ውሻ አብሮኝ ሲነሣ፣
ቀይ መብራት ላይ ስቆም፣ አጠገቤ ያለ ጎረምሳ
ለእሽቅድምድም የጠራሁት መስሎት ሲያገሣ፣
እኔ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት፣
ከኋላዬ ሦስት መቶ ዳቦ፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት!»

ከድልድዩ ወዲህ ያለው ልጅ ካንዴላ ቀየረ፣
ፊልትሮ ቀየረ፣
ላሪዋን ቆጠረ፤
ጩኸቱ ግን እንደነበረ።

ኡሻንጊ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
የተጣላ ባልና ሚስት እንደሚሰማ ሽማግሌ ቆመ።
«ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?»
«ሁልጊዜ።»
«ድንገት ነው ወይስ በዝግታ?»
«ሰኞ ነው፤ ጎማዬ ያን ጉድጓድ ከመታ።»

ከቀላሉ ጀመረ። የነዳጁን ሽቦ ስቦ ለቀቀው፤
አልታነቀም።
የአየሩን መዝጊያ ከፍቶ ጥላሸቱን በጨርቅ ፈተገው፤
ነጣ እንጂ አልተሻለም።
የሚኒሞውን ቫልቭ ሶኬት ነቀለ፤
መርፌው ንቅንቅ አላለ።

ያኔ ለዶዶ ሳይሆን ለእኔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ላምዚራ፣ ሞተር አንድ በር አለው፣ በሩ ላይ ቆጣሪ፣
የገባውን ትንፋሽ አይቶ ቤንዚን ሰፋሪ።
ይህ ግን በጓሮም ይገባበታል፤
ሳይቆጠር የገባ አየር ቤቱን ሁሉ ያምሳል።»

የጎማ ቱቦ ቁራጭ ጆሮው ላይ ደቅኖ፣
ጫፉን በማኒፎልዱ ዙሪያ ቀስ እያለ አዞረ፤
ሰማ፣ ወይም የሰማ መሰለ።
አርባ ዓመት ላሜራ የቀጠቀጠ ጆሮ
ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ከከሰረ ቆይቷል፤
እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሱ ያላወቀ ይመስላል።

እኔ ከበሩ ሰምቼዋለሁ፣ ገና ሲቆም መኪናው፦
ስስ ፉጨት፣ ትኩስ ሻይ ፉት እንደሚል ሰው።
«እዚህ ነው» ማለት ቀላል ነበር፤
ግን ዶዶ ቆማለች፣ ጎሚስታውም አለ ከበር፣
የሽማግሌ ስም በአንዲት ልጅ ጣት አይሰበር።

የውሃ መርጫውን አነሣሁ፣ አቧራ የማጥብ መስዬ፣
ዓይን ከማይደርስበት፣ ከማኒፎልዱ ሥር፣ ረጨሁ ጎንበስ ብዬ።
ሞተሩን ትን አለው፣
ሳል አንቆ ያዘው፤
መርፌው ወረደ፣ ተንገዳገደ፣ ተመልሶ ወጣ።
የኡሻንጊ መዳፍ ፓራፋንጎው ላይ ነበረች፣
ጆሮው የጣለውን እሷ ለቀመች።
«ያዝኩት!» አለ።

ቱቦ ናት፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ፣
በሆዷ በኩል ጥፍር በምታህል ስንጥቅ የተከፈተች።
ለዚህች ነው እንግዲህ አንድ ሰፈር እንቅልፍ ያጣው።
አዲስ ቱቦ፣ ሁለት ፋሼታ፣
ካቻቢቴ ላፍታ፣
ሰባት ላሪ።

ኦፔሉ ከደጅ ቆሟል፣ መርፌው ስምንት መቶ ላይ፤
ዶዶ ሳንቲም ስትፈልግ፣ ኮሮጆዋን ስታይ፣
ኡሻንጊ ዞር አለና
«ጠፋ እንዴ?» አለኝ፣ «ሞተሩ?»

አልመለስኩም። እጁን ይዤ
የተዘጋውን ኮፈን አስነካሁት፤
ከሥሩ ያለውን ቀስ ያለ ትንፋሽ
እስኪያገኘው ተውኩት።

ቆየ። ቆይቶ፣ ሳያየኝ፦
«ነገ ጠዋት» አለ፣
«መርጫውን ሙዪው።»