አንድ ዙር ብቻ

ጥር ነው። የዊኒፔግ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤
ከሌሊቱ አስራ አንድ ላይ ሞተሬ ያጉረመርማል።
ቢጫ አውቶብስ እነዳለሁ፣ ቁጥሩ አርባ አንድ፤
ሠላሳ ስድስት ልጆች፣ አስራ ዘጠኝ ፌርማታ፣ አንድ መንገድ።

ሥልጠናው ነሐሴ ላይ ነበር፣ ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፤
ዶናት፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተበላሸ ማራገቢያ፣ ሙቀት።
ሚስ ዶሪን፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣
ስላይዱን እየገፋች ሕጉን ታነብልናለች፦
«አይታችሁ ዝም ካላችሁ ሕጉ እናንተን ይጠይቃል።
ማረጋገጥ የናንተ ሥራ አይደለም። መጠርጠር ይበቃል።»

እኔ በስልኬ የድንች ዋጋ አያለሁ፤
ለፊርማው ነው የመጣሁት፣ ደቂቃ እቆጥራለሁ።
ከጎኔ ግርማቸው፣ የሃያ ሦስቱ ሹፌር፣
በአማርኛ ሹክ አለኝ፦ «አሁን ይሄ ነገር፣
የሰው ገመና መግለጥ በሕግ ተደነገገ?»
ሳቄ መጣ። ሳቄን ደግሞ ዶናቴ ሸሸገ።
እኛን ያሳደገ ብሂል፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤
ሆድ ይፍጀው እንጂ የጓዳ ነገር አደባባይ አይወጣም።
ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት፣
ከጎማ መለኪያው ሥር። እዚያው ረሳሁት።

አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤
(ይህም ከሥልጠናው ነው፤ ያኔ አልገባኝም።)
የመጨረሻው ፌርማታ የእሱ ነው።
በሩን ስከፍት አይነሣም። ጫማውን ያያል፤
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ዙር ብቻ እንዙር?» ይለኛል።

ደስ ይለኝ ነበር! አውቶብስ ይወዳል እል ነበር፤
ሲያድግ ሹፌር ነው የሚሆነው ብዬ ለግርማቸው ስናገር።
ፌርማታው ላይ አንድ ሰው፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ይጠብቀዋል፤ ፈገግ ይልልኛል፣ ሌላውን አንሥቶ።
ሰላምታ ዐዋቂ ሰው ነው። አንድ ቀን አካፋውን
አምጥቶ ከጎማዬ ሥር ጠርጎልኛል በረዶውን።

ሐሙስ ዕለት ጓንቱ ወደቀ። ሊያነሣ ጎንበስ ሲል
እጅጌው ሽቅብ ተሰበሰበ፤ አየሁ፤ አላየሁም ልል
ፈለግኩ። አራት ጣት፣ ከአውራ ጣቱ ጋር አምስት፤
አንድ ትልቅ እጅ ትንሹ ክንድ ላይ ፈርሟል፣ ያለ ስሕተት።
«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ወድቄ» አለኝ፣ ፈጥኖ፤
ቀድሞ የተጠና መልስ፣ ካፉ ጫፍ ላይ ሆኖ።

ደግሞም ያችኑ ልመና። አንድ ዙር ብቻ።

በሩን ከፈትኩ። ምን ላድርግ? በሩን ከፈትኩ።
ልጁ ወረደ። እኔ ማርሽ ማስገባት አቃተኝ፤ ቆምኩ።

ግርማቸው አለኝ፦ «ብትሳሳቺስ? የሰው ቤት ብታፈርሺ?
ነገ ማንነትሽን ቢያውቁስ? አርፈሽ መሪሽን ያዢ።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱ ላይ የስልክ ቁጥር፤
አሃዙን በደነዘዘ ጣት አንድ ባንድ ስቆጥር
አንዲት ሴት አነሣች። «እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳት፣ ሦስቴ።
እሷ ግን «ምን አየሽ?» አለችኝ። ምን አየሽ። ተፈታ አንደበቴ።
አራት ጣት አልኳት። አውራ ጣት። ዙሩን ነገርኳት።
በአማርኛ ሆድ ይፍጀው ያልኩትን በሰባራ እንግሊዝኛ ጨረስኩት።

ከዚያስ? ከዚያማ የለም። ለደወለ ሰው አይነገርም ቀሪው፤
ፋይሉ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሌላ ሰው ነው መሪው።
ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ማክሰኞም። ረቡዕም ባዶ።
ፌርማታው ላይ ማንም የለም፤ ያልተጠረገ በረዶ።

ጠቋሚ የሚባል ቃል ከሞት እኩል በሚፈራበት ዘመን አድጌ፣
ይቺው ቃል ትቆረቁረኛለች ሌሊት፣ እንቅልፍ ፈልጌ።
ደግ ሆነለት? ከፋበት? የት አለ? አላውቅም።
አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ፤ የሚወርድ የለም።
ባዶውን አውቶብስ ይዤ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርኩ።
ሬዲዮው «አርባ አንድ፣ ምን አዘገየሽ?» አለ።
«በረዶ ነው» አልኩ።

ነሐሴ መጣ። ያው ምድር ቤት፣ ያው ማራገቢያ፣ ያው ዶናት፤
ሚስ ዶሪን የመነጽሯን ገመድ ቀይራለች። ስንሰማት፣ ስንሰማት፣
ግርማቸው እጁን አወጣ። ዛሬ ደግሞ ምን ይላል?
ዝግ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፦ «ያ ስልክ ሌሊትም ይሠራል?»