ወራጅ አለ

ትናንት ማታ ተዋዋልን፤ እኔ እህቱ አይደለሁም፤
ታክሲ ውስጥ ከገባን አያውቀኝም፣ አላውቀውም።
ቢንገዳገድ አልነሣም፣
መውረጃው ቢያልፈው አልናገርም።

ቱሉ ዲምቱ፣ ማለዳ፤ ዝናብ ያቦካው ጭቃ።
ሙባረክ ከፊት፣ ግራ እግሩን እየሳበ፣
እኔ ሃያ እርምጃ ኋላ፣ እንደ ባዳ።
የብሎካችን ውሻ ብቻ ሁለታችንንም አየና
ጅራቱን ቆላ፣
ምስጢራችንን ሊያወጣ ምንም አልቀረው።

«ቃሊቲ! ቃሊቲ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!»
(ውስጡ ባዶ ነው።)
ረዳቱ ክርኑን ሊይዝለት እጁን ሰደደ፣
ሙባረክ ራሱን ነቀነቀ።
በቀኙ በሩን፣ በግራው ወንበሩን፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ሳሎን ውስጥ በዱካ እንደተለማመድነው፣
ገባ።
ከኋላ አንዱ «ቶሎ በላ!» አለ።
ልዞርበት ስል ውሌ ትዝ አለኝ፤
ጥርሴን ነከስኩ፣
መጨረሻው ወንበር ጥግ ተወሸቅኩ።

ሒሳቡን ቆጥሮ ይዟል፣ ብሩ መዳፉ ውስጥ ሞቋል፤
እሱ ቀላል ነው።
ከባዱ ሁለት ቃል ነው።
ሰው ሁሉ ስልክ እያወራ፣
እያዛጋ የሚለው፦
ወራጅ አለ።
የሱ ምላስ ግን «ወ» ላይ ይከብዳል፣
«ራ» ላይ ይሰናከላል፣
«ጅ» ላይ ሲደርስ መኪናው ሁለት ፌርማታ ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አቃቂ ድረስ ወሰዱት፤
ዝናብ እየመታው በእግሩ ተመለሰ።
እናቴ «በቃ!» አለች።
እሱ ዝም ብሎ ጫማውን አጠበ።

አሁን ቀዩ መጋዘን ታየ። አፉን ከፈተ፤
«ወ...» አለ፤ ሬዲዮው ዋጠው።
ቃሉ እኔ ጉሮሮ ውስጥ ተሰናድቶ ቆሟል፤
ለኔ ምን አለበት? አንድ ትንፋሽ ይበቃል።
ከንፈሬን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩ።
መጋዘኑ ቀረበ፣
አጥሩ ቀረበ፣
በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ቀረበ።

ይኼኔ ከኪሱ ሳንቲም አወጣና
የመስኮቱን ብረት
ቃ! ቃ! ቃ!
(ማን አስተማረው? እኔ አይደለሁም።)
ሾፌሩ በመስታወት አየው፣
ፍሬን ያዘ።

ወረደ፤ በቀኙ በሩን፣ በግራው አየሩን ይዞ።
ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ውላችን ነበራ።
በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው ተነሣ፣
በኋላው መስታወት ጀርባው እያነሰ፣ እያነሰ፣
አንድ ትከሻው ከፍ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ፣
ማንንም ሳይጠብቅ።

ያኔ እኔም መናገር ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል።
«ወ...» አልኩ።
ረዳቱ ዞረ፦ «እህት፣ የት ነሽ?»

አቃቂ ደረስኩ።