አሥራ አንደኛው ምዕራፍ

መጽሐፍ እንደ ዓሣ ሆዱ ሲዘረገፍ
አየሁ በዚህ ዓይኔ፣ በጥር፣ በማለዳ፣ ከልብስ መቀየሪያው ደፍ።
ዙልሚራ ናት፤ የሰርዲን ቢላዋዋን ስላ፣
ጀርባውን ሰንጥቃ፣ ክሩን በጣጥሳ፣
ሰባት መቶ ገጹን ብልት ብልት አድርጋ ከፋፍላ።

«ምን አደረገሽ?» ብላት፣ ቀና ሳትል እንኳን፣
«ሙሉ መጽሐፍ» አለች «ሙሉ ሰው ይፈልጋል።
እኔ ቁራሽ ነኝ፤ ቁራሽ ይበቃኛል።»

እውነቷን ነው።
ማቶዚኞሽ ወደብ ጀልባ የገባ ለታ
እሑድ እሑድ አይደል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አይደል፤ ሳይረን ነው፣ ከዚያ ገበታ፤
ራስ መቁረጥ፣ አንጀት ማውጣት፣ መደርደር፣ ዘይት፣ ክዳን፣ ማታ።
እሷ ደግሞ ከዚህ ስትወጣ የአማቷ ገላ አለ፣ የመንትዮቹ ሂሳብ፣
ፖርቶ ድረስ ሄዳ የምትወለውለው የጠበቆች ቢሮ፣
ባሏ ከባሕር ላይ በወር አንዴ ሲደውል የምትሰጠው ጆሮ።

እኔስ ከማን ልበልጥ?
«ጊዜ ሳገኝ» እያልሁ ሃያ ሁለት ዓመት
ያነበብሁት ሁሉ ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ ከቆርቆሮው አናት፦
ሰርዲን፣ ዘይት፣ ጨው።
ደጋግሜ ያነበብሁት፣ መጨረሻውን የማውቀው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ከሽርጧ ኪስ ገባ፤
ቦይለሩ ጣሳውን ሲቀቅል፣ ሰባት ደቂቃ፣
ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣
ሽንት ቤት ወረፋ ቆማ፣ ሜትሮው እስኪመጣ፤
በሦስተኛው ቀን ጨርሳ ከፊቴ ወረወረች፣
«በይ፣ ያንቺ ተራ ነው» ብላ ሁለተኛውን ከኪሷ አወጣች።

ቅባት ጠጥቷል ወረቀቱ፣ ፊደሉ ከጀርባ ያበራል፤
አንዱን ገጽ ሳነብ የነገው ገጽ ከኋላው ይታየኛል።
እኔ ለኢዳሊና፣ ኢዳሊና ለማሸጊያ ክፍል፣
ከዚያ ለቤንቶ፣ ፎርክሊፍት ለሚነዳው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣት ለሚከተል።
እንዲህ ሆነ፤ አንድ መጽሐፍ በአሥራ ስድስት ኪስ።
ሴትዮዋ በእኔ ዘንድ ገና ልጃገረድ ናት፣ በዙልሚራ ዘንድ ታለቅስ፣
በቤንቶ ዘንድ አልተወለደችም።
ምሳ ላይ «እንዳትነግሩኝ!» እያለ ጆሮውን ይይዛል፤ ማንም አልነገረውም።

አሥራ አንደኛው ጠፋ።
ከኪስ ወድቆ ይሁን፣ ከካርቶን ሥር ገብቶ፣
ወይ ከጣሳ ጋራ ተጭኖ፣ ወደ ማን አገር ወጥቶ፣
ማን ያውቃል። ዙልሚራም አላየችው ነበር።
አሥር ላይ መርከቡ ጭጋግ ውስጥ፤ አሥራ ሁለት ላይ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ ዳንቴል ስትቸረችር።

ቀደድን እንግዲህ፤ ሁላችን በየበኩላችን ቀደድን፤
ቢላዋ የቀደደውን በሌላ ቅደት ደፈንን።
ኢዳሊና ካፒቴኑን አሰመጠችው፣ ምንም ሳታዝን፤
ቤንቶ ግን መለሰው፣ ሌላ ሚስት አስይዞ፤
እኔ ሾርባ አጠጥቼ አስተኛኋቸው፣ ዝናቡ ጣራውን ይዞ።
ዙልሚራ ዝም ብላ ራስ ትቆርጣለች።
«እኔስ» አለች በኋላ «በዚያ ምዕራፍ ሴትዮዋ ያረፈች ይመስለኛል፤
ምንም ሳትሠራ ቀኑን ሙሉ ተኛች።»

ለፋሲካ ኢዳሊና ቤተ መጻሕፍት ሄዳ
ሙሉውን አገኘችው፣ ያልታረደውን፣ ባለ ቆዳ።
ቆማ አነበበችው አሥራ አንደኛውን።
«እና?» አልናት፣ ሁላችን ቢላዋ አንጠልጥለን።
ጓንቷን አጥልቃ፣ አንድ ዓሣ አንሥታ፣
«የእኛው ይሻላል» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣት እስከ ማታ።

ዛሬ አሥራ አራተኛው ነው ያለው በኪሴ።
ሴትዮዋ ደረጃ ወጥታ እጇን ከበሩ ስታሳርፍ
ከውስጥ ሰው ሲስል ሰማች፤ ቆመ ትንፋሿ፣ ቆመ ትንፋሼ።
ሳይረን።
እልባት የለኝም። ከክንዴ ላይ አንዲት ቅርፊት ላጥሁ፣
ትንሽ፣ ብርማ፣ እርጥብ፣
ከበሩና ከሳሉ መካከል አስቀመጥሁ።