ባሕሩ ሲሸሽ

ዝናብ በማያባራባቸው በቺሎዌ ደሴቶች፣
እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው በሚያድሩ የእንጨት ቤቶች፣
በነጯ የሕክምና ጀልባ ከመንደር መንደር እዞራለሁ፤
ኦሪያና እባላለሁ፣ የሰው ጥርስ አጥባለሁ።

ስንት የሰው ጓዳ አየሁ፣ አፍ አስከፍቼ በመብራት፣
የተረፈ ሥጋ፣ የተደበቀ ወይን፣ ያልተነገረ ቅያሜ ያለበት።

ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፣ ከወንበሩ ሲነሡ፣
«በስንት ጊዜ ልምጣ?» ይላሉ ጃኬታቸውን ሲያነሡ።
ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ «በየስድስት ወሩ» የሚል፣
ጥርስን ሁሉ አንዲት እናት የወለደችው ይመስል።

መምህርቷ ፍሬሲያ «በየወሩ ካልመጣሁ» ትላለች፣
የነጣ ጥርስ ሁሉ ጤነኛ እየመሰላት ትሳሳታለች፤
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ፣
አንድ ሌሊት መጣ፣ የአባቱን ሊጥ መስሎ ፊቱ ተነፍቶ።

ኤልዮዶሮ ካርካሞ፣ በባሕር ጥርሱን የነቀለ፣
ሰባ ሁለት ዓመቱ፣ ጣቱ ገመድ ያከለ፣
ወረቀቱን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣
«ይኼን የጻፈው ሰውዬ ጀልባ የለውም» ብሎ ሳቀ።

«እንዴት?» አልኩት።

«ግትሯን» አለኝ፣ ጀልባውን ነው፣ «በስንት ጊዜ ትፍቃታለህ ብትዪኝ፣
እንጃ ነው መልሴ፤ መጀመሪያ ውኃዋን ንገሪኝ።
ስትሠራ የምትውለውን፣ ማዕበል የሚያሻትን፣
ዓመት ብትቆይ እንኳ ዛጎል አይደፍር ጎኗን።
ወሽመጥ ውስጥ ተጠግታ ዝም ብላ የቆመች፣
በሦስት ወሯ ሆዷ ስር ድንጋይ ታረግዛለች።
እኔ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቄ፣ አሸዋው ላይ አጋድሜ፣
በእጄ ዳስሼ ነው የማውቀው፣ ቀን መቁጠሪያ ሥር ቆሜ አይደለም፣ እታለሜ!»

ከዚህ በላይ ምን አስተምረዋለሁ?
መስታወት ይዤ የገዛ ጀልባውን ሆድ አሳየሁት፦
ከታች ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ፣ ትንባሆ ያጠየመው፣
ጠጠር ተደርድሯል፣ ዛጎል ነው ብል ማን ይለየው፤
ድዱም እንደ ባሕሩ ሸሽቶ ሥሩ ራቁቱን ነው።
ስኳርም አለበት። ስኳር ያገኘው ድድ ቶሎ ይቆጣል፤
ያጨሰ እንደሆነ ደግሞ ደሙን ደብቆ ይታመማል።

ፋቅሁት። ድምፁ ቢላ ሞረድ ላይ ሲሄድ ነው።
ጥርሱን ነክሶ የኖረ ሰው አፉን ከፍቶ መቻል አቃተው።

«ያንተ ውኃ ክፉ ነው» አልኩት፣ «ሦስት ወር ይሁንልህ።
ጎረቤትህ ኤርሲሊያ በዓመት አንዴ ብትመጣ አይክፋህ፤
የእሷ ድድ ጤነኛ ነው፣ ወደቧም ሌላ ነው፤
ቀጠሮ እንደ ጫማ ነው፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር የለው።
ጠዋት ማታ ብሩሹ ያንተ፣ ብሩሽ ያቃተው የእኔ።»

በሦስት ወሩ መጣ፣ ጢሙን ተላጭቶ።
በሦስት ወሩ ደግሞ፣ በማዕበል ቀዝፎ መጥቶ።

በነሐሴ ግን በሦስት ሳምንቱ፣ ተራው ገና ሳይደርሰው፣
በር ላይ አየሁት፤ ባርኔጣው እጁ ላይ ነው።
«አመመህ?» ብለው ዝም።
አስቀመጥኩት፣ መብራቱን አበራሁ፣
ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሽኩ፣ አንድ ጠጠር እንኳ አጣሁ።
ንጹሕ ነው።
አፉ ግን እንደተከፈተ ነው።

«ካርዱን የምትይዘው» አለኝ፣ «ቀኑን የምትቆጥረው፣
ኤደልሚራ ነበረች።
የዘጠኝ ቀን ጸሎቷ ትናንት ማታ አለቀ፤
የመጣው ሁሉ ሄደ፣ ምድጃውም ቀዘቀዘ።
ከነጋ ወዲህ አፌን የምከፍትለት ሰው የለኝም።»

ያልቆሸሸ ጥርስ አጠብኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ፤
ስለ እሷ አወራኝ፣ መሣሪያዬን ባወጣሁ ቁጥር።
ካርዱን አመጣሁና «የሚቀጥለው ቀጠሮ» ከሚለው ሥር
ብዕሬ ቆመ።

ዝም ብላ የቆመች፣ ያላት ትዝ አለኝ።

«ሦስት ሳምንት» ብዬ ጻፍኩ።
ሐኪሙ «ለምን?» ካለኝ፣
«ውኃው ነው» እላለሁ።