ምላስሽን አሳዪኝ

ፕራቶ ላይ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ይዘንማል፣
የቀሚሴ ዚፕም ሊወጣ ያዘግማል፣
ከወገቤ ሲደርስ መንገድ ላይ ይደክማል፣
እንዳረጀ በቅሎ ዳገት ላይ ይቆማል።

ሃምሳ አንድ ሞላኝ፤ የወር አበባዬ ከተሰናበተኝ ሁለት።
እራት ትቻለሁ፤ ሁዳዴን ከነፋሲካው ጾሜያለሁ፤
አሳንሰር እያለ አምስት ፎቅ ወጥቻለሁ፤
ሚዛኑ ግን እንደ አበዳሪ ማለዳ ይጠብቀኛል፣
ያንኑ ቁጥር ይጠራል፣ ወለዱንም ይጨምርልኛል።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀት ገልብጦ
«ሆርሞን ነው፣ ዕድሜ ነው» አለኝ፣ ሰዓቱ ላይ አፍጥጦ።
አንዲት ነጭ ክኒን ሰጠኝ፣ የምስር ቅንጣት የምታህል፤
እሷን እየዋጥኩ ይኸው ሦስተኛ ዓመት።

ቪያ ፒስቶይዜ ዳር፣ ከጨርቅ መጋዘኑ ጎን፣
ዣንጥላዬን አራግፌ ሲኞራ ሩአን ሱቅ ገባሁ።
ግድግዳው በሙሉ መሳቢያ ነው፤ መቶ፣ ምናልባት ሁለት መቶ፣
ሽታው ዝናብ እንደነካው ድርቆሽ፣ እንደ አሮጌ ሣጥን።

ክብደቴን አልጠየቀችኝም።
ሦስት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳርፋ ዝም አለች፣
ከግድግዳ ወዲያ የሚወራ እንደምትሰማ ሁሉ።
ቀጥላ፣ በዌንጆ ለዛ በተጠማዘዘ ጣልያንኛ፣
«ምላስሽን አሳዪኝ» አለች።
እናቴ በጥፊ ታጮለኝ የነበረውን ነገር
በሃምሳ አንድ ዓመቴ ታዝዤ አደረግሁት።

«እንቅልፍስ?» «ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እገላበጣለሁ።»
«ላብስ?» «ድንገት፤ ልክ እንደምተኩስበት ካውያ።»
«ንዴትስ? ንዴትሽን የት ታኖሪዋለሽ?»

ይኼን የጠየቀኝ ሐኪም የለም።
በኛ ቋንቋ የንዴት ዕቃ ቤቱ አንድ ነው፣
«ሆድ ይፍጀው» ብለን የምንቆልፍበት።
ባሌ የሄደ ለት፦ ሆድ ይፍጀው።
አለቃው ደመወዜን የቆረጠ ለት፦ ሆድ ይፍጀው።
ልጄ በስልክ «ሥራ ላይ ነኝ» ያለች ለት፣
ከጀርባዋ ሙዚቃ እየሰማሁ፦ ሆድ ይፍጀው።
ሠላሳ ዓመት ያጎረስኩት ሆድ
አልፈጀውም፤ አጠራቀመው።
ታዲያ ዚፑ ምን ያድርግ?

«ጣፊያሽ ደክሟል» አለች፣ «እርጥበት ይዞሻል።»
በኅዳር ፕራቶ እርጥበት ያልያዘው ማን አለ? ግን ዝም አልኩ።
ክኒኗን ሳሳያት «ይህችን እንዳታቆሚ፤
የምሰጥሽንም ስም ልጻፍልሽ፣ ሐኪምሽ ይየው» ብላ
ከመሳቢያ ዘንግ ያላት ትንሽ ሚዛን አወጣች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛን ፊት ቆሜ
የሚመዘነው እኔ አልነበርኩም።
ሦስት ዓመት የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣
ከጥድ ሥር የሚበቅል ነጭ እንጉዳይ፣
የሎተስ ቅጠል፣ እንደ አሮጌ ደብዳቤ የሚንኮሻኮሽ።
አንዱን ቡናማ ሥር አንስታ «ዳንግ ጉዌይ» አለችኝ፤
«መመለስ የሚገባው» እንደማለት ነው አሉ።
ማን ነው የሚመለሰው? ደሜ? ወገቤ?
ባሌ ከሆነስ፣ ሥሩን ወደ መሳቢያው መልሺው።

ሳቀች። ሳቋ ነጭ ጋዋኗን አንቀጠቀጠው፣
ያኔ አየሁት፦ የሷም ቁልፍ ሆዷ ላይ አይገጥምም።
«ስንት ዓመት ጠጣሽው?» «አሥራ አንድ» አለች፣
«ሌሊት ያስተኛኛል። ቀሚሱን ግን አሰፋሁት።»

ማታ አርባ ደቂቃ አፈላሁት፤ ጥቁር ውኃ፣ ከኮሶ የማይተናነስ።
ከላይ ያለችው ኦርኔላ በሬን አንኳኳች፣
ስለ ሽታው ልትጣላኝ መስሎኝ ነበር፤
በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ ሌላውን ሆዷ ላይ አኑራ፣
«ለኔም ይሆን ይመስልሻል?» አለች።
ወንበር ሳብኩላት።
«ቆይ፣ መጀመሪያ» አልኳት፣
«ያንቺው ንዴት የት ነው የሚያድረው?»